ወንድሜ ጠረገልኝ

ከሬዲዮ ጣቢያ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሴልዊንን የሚጠይቀው ያንኑ ነው፤ ያ ዘፈን እንዴት ተሠራ? ሴልዊንም ያንኑ ይመልሳል። ታላቅ ወንድሙ ሕልም አየ፣ ጠዋት ተነሥቶ ጊታሩን አነሣ፣ ለምሳ ሲጠራ ዘፈኑ አልቆ ነበር። ጠያቂዎቹ ሕልም ሲባሉ ደስ ይላቸዋል። የበረሃ ጥቁር ሰው «ሕልም ነው» ካላቸው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ዝም ይላሉ፤ ሌላ አይጠይቁም። ሴልዊን ይህን ካወቀው ቆይቷል። ከበሮ መቺ ስለሆነም ብዙ እንዲያወራ የሚጠብቅበት የለም።

ዘፈኑ «እግሬ ያለ እኔ ሄደ» ይባላል። ከዳርዊን እስከ ሜልበርን የማያውቀው የለም። መጠጥ ሰውን እንዴት አድርጎ እንደሚወስድ የሚናገር ዘፈን ነው፤ ሕዝቡ ግን የሚዘፍነው ቢራውን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ነው። ምን ይደረግ፤ ሰው የሚሰማው መስማት የፈለገውን ነው። በተለይ አንዲት ስንኝ አለች፤ እሷ ላይ ሲደረስ አዳራሹ በሙሉ ተቃቅፎ ይጮኻታል፤ «ወንድሜ ጠረገልኝ፣ ወንድሜ ጠረገልኝ!» አንዱ የጠረገለት እንባውን ነው ይላል፤ ሌላው ትውከቱን ነው ይላል። የወንድም ፍቅር መሆኑ ላይ ግን ሁሉም ይስማማል። ያቺ ስንኝ ስትመጣ ሴልዊን ዐይኑን ይጨፍናል፤ ለሚያየው ሰው በዘፈኑ የተመሰጠ ይመስለዋል።

የዘፋኙን፣ የታላቅየውን፣ ስም አልጠራም። ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። እኛ ዘንድ የሞተ ሰው ስሙ ከተጠራ፣ ድምፁም ከተሰማ፣ ሰምቶ ይመለሳል፤ ስለዚህ ስሙም ድምፁም እስኪፈቀድ ይቀመጣል። ሌላው አገር በየመጠጥ ቤቱ ሲያቀልጠው እኛ ሰፈር ዘፈኑ ገና ሲጀምር ሬዲዮ ይዘጋ ነበር። የሱቁ ነጭ ሰውዬ እንኳ ስሙ ከሟቹ ጋር አንድ ሆኖበት ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ «አንተ ሰውዬ» እየተባለ ይኖራል። መጀመሪያ ተቀይሞ ነበር፤ አሁን ሲጠሩት አቤት ይላል።

ዘፈኑን የምትዘጋውም የምትከፍተውም የወንድማማቾቹ እናት ዳፍኒ ናት። ዘንድሮ ዳፍኒ ይበቃል አለች። ቅዳሜ በሰፈሩ የእግር ኳስ በዓል ላይ የልጆቿ የሙዚቃ ባንድ እንዲጫወተው ፈቀደች። የሚዘፍነው ቤዝ ጊታር የሚመታው የአጎት ልጅ ሌስተር ነው፤ ከበሮው ያው የሴልዊን ነው። ሴልዊን ወንድሙ ከሞተ በኋላ ብዙ ጠጥቶ፣ ብዙ አሳፍሮ፣ በመጨረሻ አቁሞ አሥራ አራት ወር ሆኖታል። ሰው ወር ቆጥሮ የሚኖር ከሆነ ነገሩ ገና አለቀቀውም ማለት ነው፤ እሱም ያውቀዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ሲወጣ ከበሩ ሥር የሚጀምር የባዶ እግር ዱካ አየ።

የራሱ ዱካ ነበር። የግራ እግሩ ትንሿ ጣት ኳስ ሜዳ ላይ ተሰብራ ወደ ውጭ ተጣማ ነው የዳነችው፤ በአሸዋው ላይም ተጣማ ታትማለች። ዱካው ከበሩ ተነሥቶ፣ በተኙት ውሾች መካከል አልፎ፣ ግቢውን ለቅቆ ወደ መንገዱ ወጥቷል። መመለሻ የለውም። ሴልዊን ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞረው፤ የለም። ተቀምጦ የውስጥ እግሩን አየ፤ ንጹሕ ነው፤ አቧራ አልነካውም። እጁ ላይ ተንፍሶ አሸተተ፤ የትናንት ሻይ ነው። እዚያው በሩ ላይ ቀረ፤ ይህን ነገር ከዚህ በፊት በሌላ ሰው እግር አይቶታልና።

ከአራት ዓመት በፊት ነው፤ ያኔም ጠዋት ነበር። ታላቅ ወንድሙ ከእንቅልፉ ቀሰቀሰው።

«ና እስቲ እይልኝ። አብጄ እንደሆነ ንገረኝ።»

«ምኑን?»

«መሬቱን።»

ሴልዊን አየ። «ሌሊት ወጥተህ ነበራ።»

«ከአልጋዬ አልወረድኩም። አሽተኝ።»

አሸተተው። ምንም የለም። «ታዲያ የተመለስክበት ዱካ የታለ?»

«እሱን እኮ ነው የምልህ!»

በመኪና ተከተሉት። ከሰፈሩ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ላይ «ከዚህ ወዲህ መጠጥ ክልክል ነው» የሚል ትልቅ ሰሌዳ አለ፤ ከሰሌዳው ወዲያ ማደያው፣ ከማደያው ጋር ደግሞ ቢራው። ዱካው ቀጥ ብሎ ሄዶ፣ ሰሌዳውን አልፎ፣ እንደዚያው ቀጥሏል። ወንድማማቾቹ ከሰሌዳው ወዲያ ሊከተሉት አልደፈሩም። ታላቅየው ከሳምንት በፊት ለእናቱ ሁለተኛ አልጠጣም ብሎ ምሎላት ነበር። ዳፍኒ ደግሞ ሻይ ከመጠጣቷ በፊት መሬት የምታነብ ሴት ናት፤ ማን የት እንዳደረ፣ የማን ሚስት ተቆጥታ እናቷ ቤት እንደሄደች፣ የማን ውሻ እንደሚያነክስ ከበሯ ሳትርቅ ትነግርሃለች። አለመጠጣቴን በምን አፌ አስረዳታለሁ አለ ታላቅየው።

«እማ ሳትነሣ ጥረግልኝ» አለው።

ሴልዊን ቅርንጫፍ ሰብሮ ከበሩ እስከ መንገዱ ጠረገለት።

የሚጠረገው ግን የሞተ ሰው ዱካ ነው። ሰው ሲሞት ሴቶቹ ቅርንጫፍ ይዘው ግቢውን ይጠርጋሉ፤ መንፈሱ የመጣበትን መንገድ አግኝቶ እንዳይመለስ። በሕይወት ያለ፣ ቆሞ የሚያወራ ሰው ዱካው ሲጠረግ ማንም አይቶ አያውቅም። ሴልዊን ይህን ጠፍቶት አይደለም። ወንድሙ ለመነው፣ እናቱን ፈራ፣ እንቅልፉም ገና አልለቀቀውም ነበር፤ በቃ ይኸው ነው። ዘፈኑ የዚያኑ ዕለት ከምሳ በፊት ተሠራ። ስለ ሕልሙ የሚነገረው ውሸት ቢሆንም ስለ ምሳው የሚነገረው እውነት ነው።

ከዚያ ወዲህ ታላቅየው ዘፈነ፣ ዝነኛ ሆነ፣ ወፈረም፤ ዱካው ግን እየሳሳ ሄደ። መቶ ኪሎ የሚመዝነው ሰውዬ አሸዋ ላይ ሲራመድ የሕፃን ያህል እንኳ አይሰምጥም ነበር። ሁላችንም አየን፤ ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረም። በሁለተኛው ዓመት ከሰሌዳው ወዲያ ማዶ፣ ምሰሶውን ተደግፎ፣ ባዶ እግሩን እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። አፉ መጠጥ አይሸትም ነበር። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ።

አሁን ሴልዊን እጁን ሲያይ ቅርንጫፍ ይዟል። መቼ እንደሰበረው አያውቅም።

«አስቀምጠው» የሚል ድምፅ ሰማ። ዳፍኒ ብርድ ልብሷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከቤቱ ጥግ ቆማለች።

«እማ፣ እኔ...»

«አስቀምጠው አልኩህ። አንዴ የጠረግከው ይበቃሃል።»

ሴልዊን ቅርንጫፉን ጣለው። «ታውቂ ነበር?»

«ቅርንጫፍ በራሱ ይጠርጋል? በግራ እጅ ነው የተጠረገው። እዚህ ቤት ግራኝ ማን ነው?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ዳፍኒ ይህን ጥያቄ አራት ዓመት ስትጠብቀው እንደኖረች ፊቷ ላይ ያስታውቃል። «ወዴት እንደሄደ ማየት አልፈለግኩም» አለች። «ተጠርጎ ሳገኘው እፎይ አልኩ። ገባሁና ሻዬን ጣድኩ።» ከዚያ ጎንበስ ብላ የተጣመመችውን ጣት አየች። «ያንተን ግን አየዋለሁ። ሌስተርን ጥራው።»

ሌስተር ከበሮዎቹን በቶዮታው ጭኖ እያፏጨ መጣ። «ምነው የአጎቴ ልጅ፣ ገና ሳልዘፍን ማልቀስ ጀመርክ?» አለና ወደ መሬት አየ። ፉጨቱን አቆመ። ወዴት ነው ብሎ ሳይጠይቅ ሞተሩን አስነሣ።

በቀስታ ነዱ። ዳፍኒ ጭንቅላቷን በመስኮት አውጥታ ታነባለች። ዱካው አንድም ቦታ አልቆመም፤ ድንጋይ አልዞረም፤ እሾህ ያለበትን እንኳ በላዩ ላይ ሄዷል። እንዲህ የሚሄድ ሰው የለም። ሴልዊን በየኪሎ ሜትሩ አፉ እየደረቀ መጣ፤ መጀመሪያ ፍርሃት መስሎት ነበር። ሰሌዳው ሲታይ ግን ምራቁ ሞላ። አሥራ አራት ወር ሙሉ እንደዚያ ጠምቶት አያውቅም። ጥሙ የቢራ ይሁን የወንድሙ ሊለየው አልቻለም፤ ይህም ከሁሉ ይልቅ አስፈራው።

ዱካው ከሰሌዳው አንድ እርምጃ ሲቀረው ቆሟል። ከማዶ፣ ፊት ለፊቱ፣ ሌላ ጥንድ ባዶ እግር አለ።

«እኔ ቤዝ ብቻ ነው የምመታው» አለ ሌስተር፤ ከመኪናው አልወረደም።

ሰፊ እግር ነበር። ሴልዊን ከሚድህበት ጊዜ ጀምሮ ሲከተለው ያደገው እግር። ጣቶቹ ወደ ሰፈሩ ዞረዋል። አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ክብደቱን ካንዱ ወዳንዱ እያዛወረ ብዙ ሌሊት እንደቆመ አሸዋው ጠብቆ ያሳብቃል። በሕይወት ሳለ ያልሰመጠው እግር አሁን እስከ ቁርጭምጭሚት ሰምጧል።

«እኔን ነው የሚጠብቀው» አለ ሴልዊን። «መመለሻውን የጠረግኩበት እኔ ነኝ። አገር ሁሉ ሲያመሰግነኝ ዝም ብዬ ከበሮ መታሁ። ብቻውን እንዲቆም አልፈልግም። ልሂድለት፣ እማ።»

ዳፍኒ ሄዳ ከሰፊው ዱካ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች፤ መዳፏን ዱካው ውስጥ አስገባች። በአያቶቿ ቋንቋ ቀስ ብላ ለረጅም ጊዜ ተናገረች። ሴልዊን ለይቶ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሙን። ሁለት ዓመት ያልተጠራውን ስም እናቱ በሙሉ አፏ ጠራችው። ሌስተር መኪናው ውስጥ ጆሮውን ደፈነ።

ከዚያ ተነሣች። ቀሚሷን አላራገፈችም። «እግርህን ዱካህ ውስጥ አግባ» አለችው።

አገባ። ልክክ አለ።

«አሁን ዙር። እስከ ቤት በእግርህ ትሄዳለህ። ወደ ኋላ እንዳታይ።»

«ዘጠኝ ኪሎ ሜትር?»

«ሲመጣም ዘጠኝ ነበር።»

ሴልዊን ሄደ። ዳፍኒ ከኋላው፣ ሌስተር በመጀመሪያ ማርሽ ከዳፍኒ ኋላ። ፀሐይዋ ከፍ አለች፤ አሸዋው ጋለ፤ እሾሁ ወጋው፤ እያነከሰም ሄደ። ሌስተር ዝምታው ሲከብደው አንገቱን አወጣ። «ሮክ ስታር፣ ጨዋታችን በአሥር ሰዓት ነው! በዚህ አካሄድህ ለከርሞው በዓል እንደርሳለን።» ማንም አልሳቀም፤ ግን የሰው ድምፅ መስማት ደግ ነበር።

«ያቺን ስንኝ ዛሬ አትዝፈኗት» አለች ዳፍኒ።

«ሕዝቡ ራሱ ይጮኻታል።»

«ይጩህ። ሲጨርስ ከበሮህን አቁመህ ምን እንደጠረግክ ትነግራቸዋለህ። ሕልም ምናምን እያልክ አትቀባጥር።»

«እሺ።»

ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራቸው ሴልዊን ከጠዋት ጀምሮ ሆዱን ሲበላው የነበረውን ጠየቀ። «እማ፣ ዱካዬ አለ?»

«አለ።»

«ይሰምጣል?»

«የሰው ነው። ትንሽ ደምም አለው። ሂድ።»

እፎይታው እንደ ልቅሶ መጣበት። ጥቂት ሄደ፤ ሌላውን መጠየቅ አልፈለገም፤ ሳይጠይቅ መሄድም አልቻለም።

«የሱስ?»

የእናቱ እርምጃ ከኋላው ቆመ። ቶዮታውም ቆመ። ሴልዊን አንገቱን ገትሮ ቀና ብሎ የሰፈሩን የውሃ ታንከር ብቻ አየ።

«ሊከተለን ተነሥቶ ነበር» አለች ዳፍኒ። «ልጄ አትምጣ አልኩት።»

ሴልዊን ሳይዞር ቆሞ ስታለቅስ ሰማት። ከዚያ እርምጃዋ እንደገና ከኋላው ጀመረ።