ለስላሳ ስፖንጅ

ከድር በሩን ገፋ አድርጎ ሲገባ ልጁን ጀፋርን በእንግዳ መቀበያው ክፍል፣ አዲሱ የመጅሊስ ፍራሽ ላይ በጀርባው ተንጋልሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አገኘው።

"እዚህም ተኛህ?" አለ፣ ጓሮ ያሉት እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በሰው ቤት? ከመግሪብ ሶላት በኋላ እንግዳ እየመጣ?"

"ቴስት እያደረግኩ ነው አባ።"

"ቴስቱንማ ቤታችን ስንት ዓመት ስታደርገው ኖረሃል።"

ከድር አልዋሸም። ጀፋር በኢምሬቶች አል ዐይን ከተማ ተወልዶ እዚያው ዛኸር ሰፈር ያደገ፣ በዚህ ወር መጨረሻ ሃያ አምስት ዓመት የሚሞላው ጎረምሳ ነው። ኮሌጅ ገብቶ ተወው። ሞባይል መሸጫ ተቀጠረና ሰለቸው። ምግብ በሞተር ማድረስ ጀመረ፤ ሙቀቱ አልተስማማውም። ፀጉር ቤት ደግሞ ደንበኛው የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ራሱ ተቀምጦ ስለሚገኝ በሦስተኛው ሳምንት አሰናበቱት። የቀረውን ዕድሜውን ሳሎን ውስጥ ተጋድሞ ስልኩን ሲጎረጉር ነው ያሳለፈው። ለመጋደም ዲግሪ የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ ቢኖር በማዕረግ ይመረቅ ነበር።

አሁን ግን ነገሩ ከቀልድ አልፏል። ወንድ ልጅ ሃያ አምስት ሲሞላው በአባቱ ኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃዱ ሥር፣ መኖሩ ያበቃል። ወይ በስሙ የሚያስገባው አሠሪ ማግኘት አለበት፣ ወይ ለኢድ ሁለት ጊዜ ብቻ ሄዶ ወዳያት ኮምቦልቻ መመለስ ነው። በእንቅልፉም በንቃቱም የሚያስጨንቀው ይኸው ነበር።

ከረመዳን ወዲህ አቡ ዳቢ አጠገብ ባለው የሙሳፋህ የፋብሪካ ሰፈር ውስጥ የመጅሊስ ፍራሽና መደገፊያ የሚሰፋበት ቤት ይሠራል። የስፌቱ ኃላፊ ዘሂራ ትባላለች፤ ከደሴ ለቤት ሥራ መጥታ፣ ኋላ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ ሙያውን የተማረች፣ ቆፍጣና ሴት ናት። ባለቤቱ እሷ "ይሁን" ላለችው ሠራተኛ ሁሉ የመኖሪያ ፈቃድ ይፈርማል። ስለ ጀፋር እስካሁን ምንም አላለችም። ቢሆንም በመጀመሪያው ሳምንት የተለያየ ስፖንጅ አስቀምጣ ብትጠይቀው፣ አንድ በአንድ ተጋድሞባቸው የቱ ቶሎ እንደሚሰረጉድ፣ የቱ ወገብ እንደሚያሳምም ነግሯት ነበር። "ተኝቶ መኖርም ለካ ይጠቅማል" ብላ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ስፖንጅ ሲመጣ ትጠራዋለች። ጀፋር ደስ ይለዋል። በሕይወቱ የሚያውቀውን ነገር የፈለገ ሰው ሲገጥመው የመጀመሪያው ነበር።

ዛሬ በፒካፕ ጭኖ ያመጣው የአቡ ሳሊምን መጅሊስ ነው። አቡ ሳሊም የከድር ካፊል፣ በስማቸው ያስገቡት አሠሪው ናቸው፤ ከድር ሹፌራቸው ሆኖ ሸምግሏል። ሽማግሌው ጉልበታቸውን በውጭ አገር ቀዶ ሕክምና አድርገው ከተመለሱ ገና ሳምንታቸው ነው። ዛሬ ዘመድ ወዳጁ እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ ሊላቸው ይመጣል። ልጃቸው ሳሊም አባቱን ሊያስደስት፣ መጅሊሱ እንደ ድሮው መሬት ላይ የተነጠፈ፣ ለታመመ ጉልበት የሚስማማ ለስላሳ እንዲሆን አዘዘ።

"ስማኝ" አለ ከድር አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ። "ዛሬ አቡ ሳሊም ልባቸው ደስ ይለዋል። አጋጣሚውን አይቼ አንተን በቤት ሹፌርነት በስማቸው እንዲያስገቡህ እጠይቃለሁ። እምቢ አይሉኝም።"

"ምን እነዳለሁ? አንተ እየነዳህ?"

"አንዳንዴ ልጆቹን ታደርሳለህ። ሥራ በሌለ ጊዜ ትቀመጣለህ። ምን ጎደለበት?"

"እትዬ ዘሂራስ?"

"ቃል ገብታልሃለች?"

ጀፋር ተነስቶ የተጋደመበትን ጨርቅ ማስተካከል ጀመረ።

በዚህ መሐል አቡ ሳሊም ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ። ከድር ተንደርድሮ ደገፋቸውና ለቤቱ ጌታ በተተወው ቦታ፣ ከበሩ ፊት ለፊት አስቀመጣቸው። ስፖንጁ ዋጣቸው። ጨርቁን በመዳፋቸው ደበስ ደበስ አደረጉና "ቆንጆ ነው፣ እጅህ ይባረክ" አሉት ጀፋርን በዐረብኛ። ቀጥለው ለመነሳት ሞከሩ። መዳፋቸው የሚደገፈው ነገር ሲፈልግ መደገፊያው ውስጥ ሰመጠ። ሁለተኛም ሞከሩ። ከድር ብብታቸው ሥር ገብቶ እንደ ሕፃን አነሳቸው።

"ሰው ሲገባብኝ ተቀምጬ እጄን ልዘረጋ ነው?" አሉ፣ ማንንም ሳያዩ። ከዚያ ቀስ ብለው እግራቸውን እየጎተቱ ወጡ።

ጀፋር ልጅ ሆኖ አባቱን ተከትሎ እዚህ ቤት ሲመጣ እኚህ ሰውዬ ለአትክልተኛው እንኳ ብድግ ብለው ሰላምታ ሲሰጡ ያይ ነበር።

"አባ፣ ይሄ መቀየር አለበት።"

"ለስላሳ ይሁን ያለው ሳሊም ነው። ለጉልበታቸው ብሎ።"

"ለስላሳ ለመቀመጥ ነው የሚመቸው። ለመነሳት አይሆንም።"

"ታዲያ ወንበር እናምጣላቸዋ።"

"ከእንግዶቻቸው በላይ ከፍ ብለው ይቀመጣሉ?"

ከድር አገጩን አሸት አሸት አደረገ። እንደማይቀመጡ ከማንም በላይ ያውቃል።

ጀፋር ውጭ ወጥቶ ፒካፑን አየ። ኋላው ላይ በመንገዱ ከፋብሪካ ያነሳው፣ ተጠቅጥቆ የተሠራ ጠንካራ ስፖንጅ ተጭኗል፤ ነገ ጠዋት አቡ ዳቢ ከተማ ለሚላክ የሌላ ደንበኛ ፍራሽ የሚሆን ነው። ትንሽ አመነታና ዘሂራ ጋ ደወለ። የሆነውን ሁሉ ነገራት።

"የሌላ ሰው ስፖንጅ ቆርጠህ እኔን ምን ልትለኝ ነው?" አለች። ከኋላዋ የስፌት መኪናዎቹ ይንጫጫሉ።

"ስመለስ ከመጋዘን አውጥቼ ራሴ እቆርጣለሁ። ራሴ እሰፋለሁ።"

"ትእዛዙ ለስላሳ ይላል። ልጅየው ቢቆጣ በማን ነው የሚመጣው?"

"በኔ ነዋ።"

ዘሂራ ከጫጫታው ወጣ አለች፤ ድምፅዋ ቀረበ።

"ከፍታውን እንዳትጨምር" አለች። "ከጎኑ ካለው ጋር እኩል ካልሆነ ያስታውቃል። መደገፊያውንም ውስጡን በቁርጥራጭ ጠቅጥቀው። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ነገ ጠዋት መኪናው ሲመጣ የሰውየው ፍራሽ ካልደረሰ አንተን የሚባል ሰው አላውቅም።"

የዐስር ሶላት እየተሰገደ ሳለ አቡ ሳሊም የሚቀመጡበትን ፍራሽ ዚፕ ከፈተ። ለስላሳውን ስፖንጅ ጎትቶ አወጣ፣ ጠንካራውን በረጅሙ ቢላ ቆረጠ፣ ሲበዛ ደግሞ ገፈፈ። ከድር ከመስጊድ ተመልሶ ጥቂት ቆሞ አየና እጅጌውን ሰብስቦ ጫፉን ያዘለት።

"ቀና አድርገህ ያዝልኝ አባ። ትንሽ ወደ ታች። እንደሱ።"

ከድር እንደታዘዘው ያዘ። ልጁ ሲያዝዘው ሰምቶ አያውቅም ነበር። ጀፋር መደገፊያውን በቁርጥራጭ ሞልቶ በጉልበቱ ተጭኖ ዘጋውና፣ ተቀምጦ በመዳፉ ተደግፎ ተነሳ። አልተስማማውም። ዳግም ከፍቶ ጨመረበት። ላቡ በጀርባው ይወርዳል፤ ግን የሚያቋርጥ አልመሰለም።

መግሪብ ተሰግዶ የመጀመሪያው እንግዳ በሩ ላይ ሰላምታ ሲያሰማ፣ ከድር እንደልማዱ ወደ አቡ ሳሊም ብብት ተንደረደረ። ሽማግሌው ግን መዳፋቸውን መደገፊያው ላይ አሳርፈው ነበር። ቀስ ብለው፣ በራሳቸው፣ ብድግ አሉ። የከድር እጆች አየር ላይ ቀሩ፤ የሚያደርጋቸው ቢያጣ የገዛ ኮሌታውን አስተካከለ። ለሚቀጥለውም እንግዳ ተነሱ፤ ከዚያ በኋላ ለመጣውም እንዲሁ። በየመሐሉ ፍራሹን በጎን ዓይናቸው ያዩታል።

ትንሽ ቆይተው ከድርን ጠሩት። "ልጅህ የታለ?"

ጀፋር በሩ አጠገብ መቁረጫዎቹን እየሰበሰበ ነበር። ቀረበ።

"ምን እንዳደረግክ አውቄአለሁ" አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ። "እኔስ ምን ላድርግልህ?"

ከድር እንዲህ ያለ ዕድል በራሱ ጊዜ ሲመጣ አይቶ አያውቅም። አፉን ሲከፍት ጀፋር ቀደመው።

"ስፖንጁን የቀየርኩት እኔ ነኝ" አለ በዐረብኛ። "ሳሊም በስፌት ቤቱ ላይ እንዳይቆጣ ይንገሩልኝ።"

"ይኸው ብቻ?"

ጀፋር አባቱን አየ። ከድር በዓይኑ ይለምነዋል። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ የወሩ መጨረሻ አይፈራም፣ ኮምቦልቻ አይታሰብም።

"ይኸው ብቻ ነው" አለ።

ከድር እስከ ፒካፑ ተከተለው። "አበድክ እንዴ? እጅህ ላይ አምጥተውልህ?"

"የሰው ፍራሽ መስፋት አለብኝ አባ። ለጠዋት ካልደረሰ ሌላ ሰው ነው የሚቸገረው።"

"ዘሂራ እምቢ ብትልህስ?"

"ሙሳፋህ ሙሉው ስፌት ቤት ነው። ሌላውን በር አንኳኳለሁ።"

"እነሱም እምቢ ቢሉህ?"

"ቢያንስ ምን እንደምችል እነግራቸዋለሁ።"

ከድር በሩን ይዞ ቆመ። ከውስጥ የእንግዶቹ ጫጫታና የሰሐን ድምፅ ይሰማል። ጀፋር ሞተሩን አስነሳ። አባቱ ጎንበስ ብሎ የጎማዎቹን ነፋስ በዓይኑ ለካ፣ የተጫነውን ስፖንጅ ገመድ ሳብ አድርጎ አጠበቀ፣ ተመልሶም በሩን ዘጋለት።

"እንግዲያው" አለ በመስኮቱ፣ "ቀበቶህን እሰር።"