ሸሚዜን የማላወልቅበት ምክንያት

በሰው ቆዳ ላይ ስፈርድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጸጉር አስተካካይ ነኝና አንገት አይቼ ሰው እለያለሁ። ሽፍታ ያለበት ደንበኛ ወንበሬ ላይ ከተቀመጠ «ወንድሜ፣ ይሄ እንኳ የሐኪም እንጂ የእኔ ሥራ አይደለም» ብዬ በቀልድ አስነሳዋለሁ። ቤቱ በሙሉ ይስቃል፤ የተነሳው ሰው ብቻ አይስቅም።

አሁን የእኔ ሆድ ላይ፣ ከእምብርቴ ጎን፣ የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያህል ቀይ እብጠት አለ። ይግላል፣ ያሳክካል፣ ልብስ ሲነካው ያንገበግበኛል። ለመገጣጠሚያ ሕመሜ በየሳምንቱ ራሴን የምወጋው መርፌ ያመጣው ጣጣ ነው። ጣቶቼን የመለሰልኝ፣ መቀስ ያስያዘኝ እሱ መሆኑን አልክድም። ግን በሰውነቴ እንዳፍር አደረገኝ።

ባለቤቴ መርፌውን ታውቃለች፤ እብጠቱን አታውቅም። ገበያ እስክትወጣ እጠብቅና ከፍሪጅ አውጥቼ፣ በር ቆልፌ፣ እንደ ሌባ እየተጣደፍኩ እወጋለሁ። ስንተኛ ከነሸሚዜ ገብቼ ጀርባዬን እሰጣታለሁ። እጇ ወገቤን ሲነካኝ «ደክሞኛል» እላለሁ። እየቆየ እጇም መምጣቱን ተወ። እኔም ጅሉ እፎይ አልኩ።

ኋላ መርፌውን ራሱን መዝለል ጀመርኩ። ጣቶቼ ደረቁ፤ ምላጭ የያዘው እጄ ከዳኝና የጎረቤታችንን የመጽሐፍ ነጋዴ አገጭ ቆረጥኩት። ደግ ሰው ነው፣ «ምንም አይደል» አለኝ። እኔ ግን የምገባበት ጠፋኝ። ያንኑ ቀን ክሊኒክ ሄድኩ።

ነርሷ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ሸሚዜን እስክገልጥ ብዙ አስለመንኳት። አይታው ምንም አልደነገጠችም፤ እሱ ራሱ አናደደኝ።

«ከወጉ በኋላ ምን ያደርጋሉ፣ ጋሼ?»

«ሰው የሚያደርገውን ነዋ! አልኮል እረጭበታለሁ፣ ከዚያ በመዳፌ ጠፍ ጠፍ አድርጌ አሸዋለሁ።»

«ማን ነው እንደዚያ የሚያደርገው?»

«የተላጨ ሰው» አልኩ፤ እንደተናገርኩት ነገሩ ገባኝ።

ሳቋ አመለጣት። «ሆድዎን እንደ ጢም ነው እንዴ የያዙት! ለመሆኑ ከፍሪጅ ካወጡት በኋላ ያቆዩታል?»

«ምን ቆይታ አለው፣ ሲስተር! ባለቤቴ ሳትመለስ መጨረስ አለብኝ።»

ይሄን ስትሰማ ሳቋን ተወች። መድኃኒቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ውጭ ይቀመጥና ቅዝቃዜው ይልቀቀው፤ ቦታ ይቀያይሩ፣ ዛሬ ሆድ ከሆነ ቀጥሎ ጭን፤ አይሹት፤ ካበጠ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ያሳርፉበት፤ እየሰፋ ከሄደ ወይም ትኩሳት ካመጣ ቶሎ ይምጡ አለችኝ። ልወጣ ስል ደግሞ «መደበቁን ይተዉት፣ የሚያጣድፍዎ እሱ ነው» አለች።

ቅዳሜ ከሰዓት መርፌውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት ለሚያፍር ሰው አያልቅም። ባለቤቴ እዚያው ልብስ ታጣጥፋለች። አንዴ ተነስቼ በሩ ድረስ ሄድኩና ተመለስኩ። በመጨረሻ የሸሚዜን ቁልፍ ፈታሁና «ነይማ፣ ይሄን ጉድ እዪልኝ» አልኳት። ፊቴ ነደደ።

መጣች። ጎንበስ ብላ አየችው፤ በጣቷ ጫፍ ዳር ዳሩን ነካችው።

«መርፌው ነው እንዲህ ያደረገህ?»

«እሱ ነው።»

«ስትሸሸኝ የከረምከው በዚህ ነው?»

«በዚህ ነው።»

«ሌላ ነገር የለም?»

«ሌላ ምን ይኖራል?»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። እንባዋ ቀደማት።

«እኔኮ ያስጠላሁህ መስሎኝ ነበር» አለች። «አርጅቻለሁ፣ ሰውነቴን ማየት አልፈለገም ብዬ፣ መብራት ሳላጠፋ ልብሴን መቀየር ትቻለሁ። አንተ ደግሞ ለምን እንደማጠፋው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅከኝም።»

መብራቱን ማጥፋት መጀመሯን አላውቅም ነበር። ይህንንም ልነግራት አፈርኩ።