ዌንደል የለካው ባትሪ

ዌንደል የጄነሬተር ድምፅ አይወድም። በየዓመቱ ብርዱን ሽሽት ተጎታች ቤታቸውን ይዘው አሪዞና በረሃ ላይ ከሚሰፍሩት ጡረተኞች መካከል "እኔ ፀሐይ ይበቃኛል" ብሎ ደረቱን የሚነፋው እሱ ነው። ጎረቤቱ ሮስኮ ሞተሩን ባስነሳ ቁጥር "ወፍጮ ቤት ከፈትክ እንዴ?" እያለ መቀመጫ ያሳጣዋል። መቼም ሰው የሚኮራበት ነገር አያጣም።

የሚስቱ የማርቪስ ሳንባ ግን ኩራት አያውቅም። የምትተነፍሰው በኦክስጅን ማሽን ነው፤ ማሽኑ የሚሠራው በባትሪ፣ ባትሪውን የሚሞላው ደግሞ ጣሪያው ላይ ያለው ሶላር። ሰማዩ ሦስት ቀን ሙሉ ጠቁሮ ከረመ። የመጠባበቂያው የኦክስጅን ሲሊንደርም አለቀ።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ፀሐይ ብልጭ አለች። ዌንደል ሮጦ የባትሪውን መለኪያ አየ።

"አሥራ ሁለት ነጥብ ስምንት ቮልት! ጢም ብሏል!"

"ሶላሩን ነቅለህ ነው የለካኸው?" አለች ማርቪስ፣ ትንፋሽ እያጠራት።

ፀሐይ እየሞላው የተለካ ባትሪ ሳይሞላ ሙሉ ነኝ ብሎ ይዋሻል። ሶላሩን ነቅሎ፣ ዕቃውን ሁሉ አጥፍቶ አንድ ሰዓት ያህል ማሳረፍ የግድ ነው። ይህን ለሰፈሩ ሁሉ ያስተማረው ራሱ ዌንደል ነው። ታዲያ ማሽኑ ከጠፋ እሷ በምን ትተንፍስ?

"ከተማ ደርሼ ሲሊንደር ይዤ ልምጣ። ሁለት ሰዓት ብቻ።"

"በሞቴ፣ ሮስኮን የጄነሬተሩን ገመድ አቀብለን በለው።"

"ሮስኮን? ዕድሜ ልኩን መሳቂያ ሊያደርገኝ! ሙሉ ነው አልኩሽ እኮ።"

"እሺ፣ ቶሎ ና" አለች። አርባ ሦስት ዓመት ያመነችውን ሰው ዛሬም አመነችው።

መንገዱን ሳያጋምስ ደመናው ተመልሶ ገጠመ። ዌንደል አየው፤ ባትሪው ሙሉ ነው ብሎ ራሱን አጽናና። ሱቁ ውስጥ ሰልፍ ጠበቀው።

ሲመለስ የሮስኮ ጄነሬተር ያጓራል። ከሱ የተነሳ ቢጫ ገመድ በእነዌንደል መስኮት ገብቷል። ሮስኮ በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያሻል።

"ማሽኑ ባትሪ አለቀ ብሎ ሲጮህ ሰምቼ ነበር" አለ።

"ታዲያ ምን ትጠብቅ ነበር አንተ ሰው!"

"አምና ገመድ ይዤ ብመጣ በሰው ፊት ሰድበህ አባረርከኝ። ዛሬም ይቆጣል ብዬ አመነታሁ። ጩኸቱ ጸጥ ሲል ነው ደንግጬ የሮጥኩት።"

ዌንደል ሲሊንደሩን እንደታቀፈ ገባ። ማሽኑ በሮስኮ ኤሌክትሪክ በሙሉ ጉልበቱ ይሠራል። ቱቦው ከማርቪስ አፍንጫ አልወጣም፤ አየሩም ይመጣል። የምትስበው እሷ ግን የለችም።