አርባ ስምንት ፍራሽና አንድ ምርኩዝ

ዴስፒና ግሪክ አገር ለአሥራ ስድስት ዓመት በምርኩዝ ዝላይ ተወዳድራለች። ከፍተኛ ውጤቷ አራት ሜትር ከአርባ ስድስት ሲሆን፣ የተመዘገበውም ዳሌዋ ከመጎዳቱ በፊት ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቷት የቀራት አንድ ውድድር ብቻ ነበር፤ ቅዳሜ፣ ተሰሎንቄ። የአገሯ ክለብ ሜዳውን ለመኪና ማቆሚያ ስላከራየው፣ እዚህ ሀዋሳ፣ በቡሹሎ መንገድ ያለው ኮሌጃችን ሜዳውን ለሦስት ሳምንት ፈቀደላት።

ሜዳ እንጂ መውደቂያ አልነበረንም። እኔ በቅየሳ ክፍል ቴክኒሻን ስለሆንኩ የአግዳሚውን ከፍታ በሌቭል፣ በቅየሳ መነጽራችን፣ እንድለካላት ተመድቤ ነበር። ፍራሽ ለመለመንም አብሬያት የማደሪያው ፕሮክተር አቶ ጌታቸው ቢሮ ሄድኩ።

አቶ ጌታቸው ክፉ ሰው አይደሉም። ፍራሽ የሚወጣው ግን በማደሪያው ለተመዘገበ ተማሪ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዴስፒናን ብሎክ አምስት፣ ክፍል አሥራ ሁለት ብለው መዘገቧት። ከዚያ አርባ ስምንት ጊዜ ፈረመች። እያንዳንዱ ፍራሽ በቀይ ቀለም የተጻፈ የራሱ ቁጥር ነበረው። አቶ ጌታቸው በየጠዋቱ ሜዳ እየመጡ ይቆጥሯቸዋል። እሷ አየር ላይ ሆና እንኳ ቆጠራውን አያቋርጡም።

በመጨረሻው ማክሰኞ የጫማዋ ሹል ብረት ሠላሳ አንደኛውን ፍራሽ ቀደደው። ቀዳዳውን ለካሁት፤ አሥራ አራት ሴንቲ ሜትር ነው።

በሰኔ ማብቂያ ክሊራንስ ያልጨረሰ፣ ማለትም የፈረመበትን ንብረት ሁሉ በደህናው ያልመለሰ ተማሪ ከግቢ አይወጣም። ደንቡ የወጣው አምና ተማሪዎች ፍራሽ ቀደው ስለሄዱ ነው። ዴስፒና ተማሪ አለመሆኗን ለአቶ ጌታቸው ነገርኳቸው። መዝገቡን ገልጠው ስሟን አሳዩኝ።

በማግስቱ ከገበያ ያንኑ ዓይነት ፍራሽ ገዝተን አመጣን። አቶ ጌታቸው ሁለት ጊዜ ገለበጡት።

«ቁጥር የለውም። ይሄ የማንም ፍራሽ አይደለም» አሉ።

ቁጥር የሚሰጠው የንብረት ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴው ደግሞ የሚሰበሰበው በመስከረም። አቶ ጌታቸው ከልባቸው አዝነው እስከዚያ የምትመገብበት የካፌ ካርድ አሠሩላት።

አውሮፕላኗ ሐሙስ ከሰዓት ነበር። ጠዋት በሩ ላይ ጥበቃው ኩማ ክሊራንስ ያልጨረሱትን ዝርዝር አየ፤ የመጀመሪያው ስም የእሷ ነው። ወዴት እንደምትሄድ ስትነግረው ወረቀቱን ዝቅ አደረገ።

«ተሰሎንቄ እስከ ዛሬ አለ እንዴ?»

ኩማ ከተማዋን የሚያውቃት ከጳውሎስ መልእክት ነው። «አዎ፣ አለ» አለችው፤ ወደብም ስታዲየምም አለው። ኩማ በጣም ደስ አለው፤ ለቅዱሳኑ ሰላምታ እንድታደርስለት አደራ አላት፤ በሩን ግን አልከፈተም።

እኔ የተሸከምኩትን አዲሱን ፍራሽ ግን አሳለፈው። ቁጥር የሌለው ዕቃ የኮሌጁ ንብረት ስላልሆነ የመውጫ ወረቀት አያስፈልገውም። ዴስፒና ፍራሹን በዓይኗ ተከተለችው። ከዚያ አጥሩ ስንት ሜትር እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ግንቡ ሦስት ሜትር ከአሥራ ስምንት ነው፤ ከነሽቦው ሦስት ከዘጠና ሁለት። ውጭ፣ ከቡሹሎ ጭድ ጭኖ የመጣ የአህያ ጋሪ ተከራይቼ ከግንቡ ሥር አቆምኩ። ፍራሹን ጭዱ ላይ አነጠፍኩ፣ ሻንጣዋን ለባለ ጋሪው ሰጠሁ፣ የጋሪውን ከፍታ ከነጭዱ ለካሁ፤ አንድ ሜትር ከሰባ አራት። ከሽቦው ጫፍ የምትወድቀው ሁለት ሜትር ከአሥራ ስምንት ብቻ ስለሆነ ለዳሌዋ አያሰጋም። ተመልሼ ገብቼ ሌቭሌን ተከልኩ።

መንደርደሪያዋ በሜዳውና በግንቡ መካከል ባለው የኮሌጁ ጎመን መደብ መሀል አሥራ ስድስት እርምጃ ነበር። አቶ ጌታቸው አጠገባችን ያሉትን ፍራሾች እየቆጠሩ ሃያ ዘጠኝ ላይ ደርሰዋል። ዴስፒና ምርኩዟን ይዛ በፊታቸው ሮጣ አለፈች፣ ተነሳች፣ ከሽቦው በላይ ተገለበጠች። አቶ ጌታቸው ቀና ብለው አዩዋት።

«ሠላሳ» አሉ።

በሌቭሉ እንዳየሁት በዳሌዋና በሽቦው መካከል አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር ነበር። ሽቦው አልተነቃነቀም። ምርኩዙ ወደ እኛ በኩል ጎመኑ ላይ ወደቀ። ከግንቡ ማዶ የጭድ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎም የጋሪው ጎማ።

ኩማ በመዝገቡ «ወጥታለች» ብሎ መጻፍ አልቻለም፤ በበሩ አላለፈችም። አቶ ጌታቸውም ምርኩዙን በስሟ መዝግበው ክፍል አሥራ ሁለት አስገቡት። አራት ሜትር ከሠላሳ ስለሆነ በሩ አይዘጋም።

በነሐሴ ከዴስፒና ደብዳቤ መጣ። ተሰሎንቄ ላይ በተውሶ ምርኩዝ አራት ሜትር ከአሥር ዘላ አምስተኛ ወጥታለች፤ ከእንግዲህ በቃኝ ብላለች። የኩማን ሰላምታ ለአንድ ቄስ አድርሳለች። ምርኩዟን እንድልክላት ትለምናለች።

ደብዳቤውን ለአቶ ጌታቸው ወሰድኩላቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ የግሪኩን ቴምብር በጣታቸው ዳሰሱት፣ ደስ እንዳላቸው ነገሩኝ። ከዚያ መዝገቡን ከመሳቢያ አወጡ።

«እንግዲህ ራሷ መጥታ ትፈርም። ምን ያስቸግራታል፣ ግቢ ውስጥ አይደለች?»