ኮርኒስ ላይ የቀረ ግድግዳ

መሐንዲሷ አክስቷን አጅባ ክሊኒክ የሄደችው ማክሰኞ ጠዋት ነው። አክስትየዋ ያሳደገቻት፣ የቤቷን ጉዳይ ከደጇ የማታስወጣ ሴት ናት። «ሐኪሙ ጋ ብቻዬን ልግባ» ስትል መሐንዲሷ አልተከራከረቻትም፤ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣ ጠበቀች።

በሩ ተዘጋ። ትንሽ ቆይቶ የሐኪሙ ድምፅ ከራስዋ በላይ፣ በኮርኒሱ በኩል ጥርት ብሎ መጣ።

«እናቴ፣ እብጠቱ ጡትዎ ላይ ብቻ አልቀረም። ወደ ብብትዎ ሄዷል።»

አግዳሚው ላይ ከነበሩት ሰዎች አንዱ አጎንብሶ ስልኩን ይነካካ ጀመር። የአክስቷ ጎረቤት የሆነችው ልብስ ሰፊ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቀጥሎ የአክስቷ ድምፅ ተሰማ፦

«ለልጅቷ አትንገርብኝ። ደንጋጣ ናት።»

የመሐንዲሷ ደም ፈላ። ሙያዋ ሕንፃ ውስጥ ድምፅ በየት እንደሚያመልጥ አጥንቶ መንገዱን መዝጋት ነው። የዚህን ክሊኒክ ፕላን ያየችው ራስዋ ናት፤ የምርመራ ክፍሎቹ ግድግዳ ኮርኒሱን አልፎ እስከ ላይኛው ሶሌታ፣ እስከ ኮንክሪቱ ጣሪያ፣ ይድረስ ብላ በቀይ ጽፋበታለች።

አክስትየዋ ስትወጣ ልብስ ሰፊዋ ብድግ ብላ «አይዞሽ እትዬ፣ እግዜር ይማርሽ» አለቻት። ለደግ ብላ ነው። አክስትየዋ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ሰዉን አየች፤ ሰዉ ሁሉ ወለሉን ያያል። ሻርፗን እስከ አገጯ ስባ ወጣች።

መሐንዲሷ ታክሲ ውስጥ አስቀምጣት ተመለሰች። የክሊኒኩን ዳይሬክተር ከቢሮው ጠርታ ኮሪደሩ ላይ አቆመችው፤ ወንበር ጎትታ ወጣችና የኮርኒሱን ሰሌዳ ወደ ላይ ገፋችው። ግድግዳው እዚያው አልቋል። ከዚያ በላይ ከክፍል ክፍል ወለል ያለ ባዶ ነው።

«ውረጂ ልጄ፣ ትወድቂያለሽ» አለ ዳይሬክተሩ።

«ማን ነው ያስቆረጠው?»

«ኮንትራክተሩ ጊዜ አጠረኝ አለ። ከኮርኒስ በላይ ማን ያየዋል ብለን ነው። ለዓይን እኮ ምንም አይጎድለውም።»

«እንግዲያው ይግቡና በሩን ዘግተው የራስዎን በሽታ ለሐኪሙ ይንገሩት። እኛ እዚህ ቁጭ ብለን እናዳምጥዎታለን።»

ዳይሬክተሩ አልገባም። ከአግዳሚው ጫፍ አንድ ሽማግሌ «እኔስ ባለፈው ሳምንት ያወራሁትን ሰምታችኋላ?» ብለው ጠየቁ።

«የርክክቡ ወረቀት ላይ ያንቺም ፊርማ አለ እኮ» አለ ዳይሬክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አለ። የርክክቡ ዕለት ግድግዳውን በጣቷ መታ መታ አድርጋ፣ ጥሩ ነው ብላ ፈርማለች። ወንበር ላይ መውጣት ታክቷት። ንዴቱ ዞሮ ወደ ራሷ መጣ።

«እሱንም እጽፈዋለሁ» አለችው።

ጻፈችውም። ለጤና ቢሮ ፎቶግራፍ አያይዛ፣ የራሷን ጥፋት ከሁሉ በፊት አስቀድማ። ክፍሎቹ ታሸጉ፤ በወሩ ግድግዳዎቹ ሶሌታው ድረስ ወጡ፤ እያንዳንዷን ስንጥቅ በባትሪ እያበራች ራስዋ አየች።

አክስትየዋ ሕክምናዋን ሌላ ቦታ ጀመረች፤ እዚያ ክሊኒክ ደጃፍ ዳግመኛ አልረገጠችም። ሰፈር ውስጥ ግን ወሬው ቀድሟት ነበር፤ ሱቅ ስትገባ ሰዎች ጨዋታቸውን ያቋርጣሉ። መሐንዲሷ አብራት በሄደች ቁጥር ይህን እያየች ጥርሷን ትነክሳለች፤ ይህኛውን የሚዘጋ ግድግዳ ከየት ታምጣ።