ዑራኤል ጋ የምትዘለው መኪና

አማትን ከኋላ ወንበር አስቀምጦ መንዳት ለጠላትም አይስጥ! ፍሰሃ ግን ዕጣው ሆነና እሁድ እሁድ ወይዘሮ ጀማነሽን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰው እሱ ነው። መኪናዋ የሟች ባለቤታቸው ናት፤ ዕድሜ የጠገበች፣ ግን ማርሽ በራሷ የምትቀይር አውቶማቲክ ኮሮላ። ታዲያ ሰሞኑን ምን እንደነካት እንጃ፣ መዝለል ጀመረች። ዷ! ታደርግና አማትየውን ከወንበሩ መደገፊያ ጋር ታላትማቸዋለች።

"የባለቤቴን መኪና ገደልካት! ዛሬ ካልዳነች ቁልፉን ለታዲዎስ ነው የምሰጠው" አሉ። ታዲዎስ የሌላዋ ልጃቸው ባል ነው፤ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ይኖራል፣ ያቺን መኪና ባየ ቁጥር ምራቁን ይውጣል። ፍሰሃ ታዲዎስ ፊት ቁልፍ አስረክቦ ባዶ እጁን ከሚቆም መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል።

ስለዚህ ከደምበል ጀርባ ወዳለው ወደ ዙለይካ ጋራዥ ወሰዳት። አማትየውም "እኔም በጆሮዬ ልስማ" ብለው ከኋላ ወንበር ንቅንቅ አላሉም። ዙለይካ ኮፈኑን ከፍታ የካምቢዮውን፣ የማርሽ ሳጥኑን፣ ዘይት አየች፤ ቀይ ነው፣ አላረረም፣ አልጎደለም። ከዚያ ራሷ ይዛት ወጣች። በእስጢፋኖስ፣ በዑራኤል አድርጋ፣ ካዛንቺስን ዞራ ስትመለስ መኪናዋ ጭጭ!

"ካምቢዮው ምንም አልሆነም፣ ጋሽ ፍሰሃ።"

"እንዴት ምንም አልሆነም? ማለቴ፣ ትዘላለች እኮ!"

"እንግዲያው እርስዎ ይንዱና ልያት።"

ፍሰሃ መሪውን ጨበጠ፤ ዙለይካ ከጎኑ ተቀመጠች። እስከ መስቀል አደባባይ ሰላም። እስጢፋኖስን እንዳለፉ፣ ዷ!

"ይኸው! አላልኩሽም?" አለ ፈንድቆ። መኪና ታመመችብኝ ብሎ እንዲህ የሚፈነድቅ ሰው አይታችሁ አታውቁም። ከዚያ ወዲያ እንደገና ሰላም ሆነ፤ ዑራኤልን እንዳለፉ ግን፣ ዷ!

"በስመ አብ!" አሉ ወይዘሮ ጀማነሽ። "ደጀ ሰላም ባየች ቁጥር የምትንዘፈዘፈው ምን ቢኖርባት ነው? ይቺ ጠበል ነው የሚያሻት!"

ዙለይካ ዓይኗን ከፍሰሃ ቀኝ እጅ ላይ አልነቀለችም። "ጋሼ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ምን አደረጉ?"

"ተሳለምኩ እንጂ ምን አደርጋለሁ?"

"ከመሳለምዎ በፊትስ?"

ፍሰሃ አሰበ፤ ባሰበ ቁጥር ፊቱ ቀላ። ዕድሜውን የነዳው ማርሹ በእጅ የሚቀየር ቮልስ ነበር። በቮልሱ ቤተ ክርስቲያን ጋ ሲደርስ ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ ሞተሩን ጸጥ አሰኝቶ፣ እየተንሸራተተ ያማትባል፤ በታቦት ፊት ማጓራት ነውር ነዋ! ያ አመል እዚህችም ላይ ተከትሎት መጥቷል። ዜሮ ያደርጋል፣ ያማትባል፣ ከዚያ ነዳጅ እየረገጠ ማርሹን መልሶ ይወረውረዋል። የትኛዋ አውቶማቲክ ትችለዋለች?

"መኪናዋ ጤነኛ ናት" አለች ዙለይካ፣ ሳቋን እየዋጠች። "ዜሮ አያድርጓት፣ በቃ። እንዲህ ከቀጠሉ ግን የእውነት ካምቢዮውን ይጨርሱታል።"

ወይዘሮ ጀማነሽ ሲሳለሙ ዓይናቸውን ስለሚጨፍኑ እስከ ዛሬ የእጁን ሥራ አይተው አያውቁም። ፍሰሃ ጥግ ይዞ አቆመ። አፍሯል። ቁልፉን ነቅሎ ወደ ኋላ ዘረጋላቸው።

"እማማ፣ እውነትዎን ነው፤ ስገድላት የነበርኩት እኔው ነኝ። ለታዲዎስ ይስጡት።"

"ለታዲዎስ? በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጡሩምባውን እየነፋ ለሚያልፈው?" አማትየው እጁን ከነቁልፉ ገፋ አደረጉት። "አንተ በል ንዳ! እጅህን ከመሪው እንዳታነሳ፤ ከዛሬ ጀምሮ ላንተም እኔ እሳለምልሃለሁ።"