የበርሜሉ ጠላ

ለአብዮት በዓል የናዝሬቱ ቀበሌ ጠላ ሻጮቹን ሁሉ «ጠላችሁን አምጥታችሁ አንድ በርሜል ውስጥ ገልብጡ» አላቸው። አሰለፈች ግን ጌሾ አብዝታ የጠመቀችውን መራራ ጠላዋን ከነእንስራው አምጥታ በርሜሉ አጠገብ ቁጭ አደረገችው።

«እትዬ አሰለፈች፣ አይገለብጡም እንዴ?» አላት ሊቀመንበሩ ደገፋ፣ የታጠቀውን ሽጉጥ እያሻሸ።

«የጎረቤቴ የበላይነሽ ጥቁር ጠላ ነው፤ የሌላዋ ጎረቤቴ የሎሚ ደግሞ የተጣራ ፊልተር ጠላ ነው። ለየብቻው ሲጠጣ ወርቅ ነው፤ ሲደባለቅ ግን እጣቢ! የኔን አልጨምርም።»

ደገፋ ለበዓሉ የተጠሩት እንግዶች ፊት መጨቃጨቁን አልወደደውም። «በሉ እንግዲያው እርስዎ ይቅዱ» ብሎ ከበርሜሉ የተሞላ ጆግ አስያዛት።

ቀጂ ራሱ ሳይቀምስ ለእንግዳ አይሰጥም። አሰለፈች መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ሁሉም እያያት እንትፍ አለችው።

«እኔ ያልዋጥኩትን ለሰው አልቀዳም!»

ከአዲስ አበባ የመጣው የክብር እንግዳ ቀስ ብሎ ተነሣና ብርጭቆውን ወደ እንስራው ዘረጋ። አሰለፈች ፊት ለፊቱ ከእንስራዋ ቀመሰች፣ ዋጠች፣ ቀዳችለት። ሌሎቹም ተከተሉት። በመጨረሻ ደገፋም አንገቱን ደፍቶ ብርጭቆውን ይዞ መጣ።

አሰለፈች የእንስራውን አፍ በመዳፏ ከደነችው።

«አንተ በርሜልህን ጨርስ።»